በአንድ ፓኬት መድኃኒት ላይ ስንት ኩፖን ይደረባል?

ጥያቄው ኢንተርኔት መድረክ ላይ የተለጠፈው ማታ ነው። የጠያቂዋ ንዴት ገና አልበረደም። የምትኖረው አሜሪካ ነው። ጸደይ መጥቶ ዛፉ ሁሉ ሲያብብ ባሏ ማስነጠስ ይጀምራል፤ ዓይኑ ይቀላል። እሷም ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጠውን የአለርጂ መድኃኒት፣ ዚርቴክን ትገዛለታለች። 30 ፍሬው 24 ዶላር። በዚያ ቀን ሦስት ኩፖን ይዛ ሄደች። አንዱ ከእሁድ ጋዜጣ በመቀስ የተቆረጠ ነው፤ 5 ዶላር ይቀንሳል። ሁለተኛው በፋርማሲው አፕ ላይ ነክታ የጫነችው ነው፤ እሱም 5 ዶላር። ሦስተኛው ካለፈው ደረሰኝ ጫፍ የተቀደደ የ3 ዶላር ነው። በእሷ ሂሳብ 11 ዶላር ከፍላ ልትወጣ ነበር። ማሽኑ ጮኸ። ካሸሯ የጋዜጣውን ቁራጭ መልሳ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። ከኋላዋ አራት ሰው ተሰልፏል። 16 ዶላር ከፍላ፣ ላብ በላብ ሆና ወጣች። ጥያቄዋ አጭር ነው፤ የተሳሳተችው ካሸሯ ናት ወይስ እሷ?

ክሩን፣ ማለትም ጥያቄውንና ከሥሩ የተደረደሩትን ምላሾች፣ ከላይ እስከ ታች ሳነበው ሻዬ ቀዘቀዘ። 31 ምላሽ አለው። ሁሉም እኩል አይጠቅምም፤ አንዳንዱን ዘልዬዋለሁ።

ምላሽ 1 ሳያጣራ ፈረደ። ካሸሯ ሰነፍ ናት፣ ሥራ አስኪያጁን አስጠርተሽ ልክ ማስገባት ነበረብሽ የሚል ነው። ሦስት ሰው ወዶለታል። ሁልጊዜ የመጀመሪያው ምላሽ እንዲህ ነው።

ምላሽ 2 ተረጋግታ መጣች። ሦስቱም ኩፖኖች አናት ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን እንድታነብላት ጠያቂዋን ለመነቻት። ጠያቂዋ በምላሽ 3 አንብባ ተመለሰች። ጋዜጣው ላይ የአምራች ኩፖን ይላል። አፕ ላይ ያለውም ከጎኑ በትንሹ ያንኑ ይላል፤ ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም። ደረሰኙ ላይ ያለው ግን የሱቁን ስም ብቻ ነው የያዘው።

ነገሩ እዚህ ላይ ተፈታ። ምላሽ 4 ቁጭ ብላ አስረዳች፤ ከክሩ ሁሉ አንድ ብቻ አንብብ ብባል የማነበው ይህንን ነው። ስለ ኩፖን ሲነሳ መጠየቅ ያለበት ስንት ይቀንሳል የሚለው ሳይሆን ከማን ኪስ ነው የሚወጣው የሚለው ነው ትላለች። የአምራች ኩፖን መድኃኒቱን ከሚሠራው ድርጅት ኪስ ነው። ሱቁ ለጊዜው ይቀንስልሻል፤ በኋላ ወረቀቱን ሰብስቦ ይልክና ገንዘቡን ይቀበላል። የሱቅ ኩፖን ደግሞ ከሱቁ ከራሱ ኪስ ነው። ሁለት የተለያየ ኪስ አንድ ፓኬት ላይ ሊገናኝ ይችላል፤ መደረብ የሚባለውም ይኸው ነው። አንድ ኪስ ግን ለአንድ ፓኬት ሁለት ጊዜ አይገባበትም። ወረቀት ይሁን ስልክ ላይ የተጫነ፣ ለውጥ የለውም። ስለዚህ የጋዜጣውና የአፑ 5 ዶላሮች መንታ ናቸው፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወድቃል። የደረሰኙ 3 ዶላር የተቀነሰላት ከሱቁ ስለመጣ ነው። ካሸሯ ትክክል ነበረች።

ምላሽ 1 ተመልሶ ይቅርታ አላለም። እኔም አልጠበቅሁም።

ምላሽ 5 አንድ ቃል ላይ ተንጠለጠለ፤ ግን ጥሩ ቃል ነው። ብዙ ኩፖን ላይ በአንድ ግዢ አንድ ብቻ የሚል አለ። ሰው ይህን ሲያነብ በአንድ ጉዞ አንድ ኩፖን ብቻ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ግዢ ማለት አንድ ዕቃ ነው። ሁለት ፓኬት ከገዛሽ ሁለት ግዢ ነው፤ ሁለት የአምራች ኩፖን ይሄዳል። በአንድ ሂሳብ አንድ ብቻ የሚል ከሆነ ግን ቅርጫቱ ቢሞላም አንድ ነው። ከዚያም አልፎ ተመሳሳይ ኩፖን በአንድ ጉዞ ከዚህ ቁጥር በላይ አይቻልም ብለው የሚያጥሩ አምራቾች አሉ።

ምላሽ 6 የቀድሞ ካሸር ነው። ወረቀቱን መልሶ መስጠት ደስ ብሎት የሚሠራ ሰው እንደሌለ ጽፏል። ሱቁ ለእያንዳንዱ የአምራች ኩፖን የፊት ዋጋውን ያስመልሳል፤ ለማስተናገጃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 8 ሳንቲም ይጨመርለታል። ኩፖኑ ከደንቡ ውጭ ከተወሰደ ግን አምራቹ አልከፍልም ይላል፤ ኪሳራው የሱቁ ነው። ማሽኑ ሲጮኽ በእጁ ቁጥር አስገብቶ ያሳለፈ ካሸር በማግስቱ የሚጠየቀው እሱ ነው። ይህን ያህል ሰዓት ቆሞ የዋለ ሰው ላይ ሥራ አስኪያጅ መጥራት ነውር ነው ብሎ ምላሽ 1ን በስሙ ጠርቶ ወቀሰው።

ምላሽ 7 ሁሉንም አንድ ላይ ደረበ። ለ3 ዶላር ወረፋ አቁሞ ወረቀት መዘርጋት ልመና ነው አለ። እሱ ቤቱ የሚደርሰው ማታ 3 ሰዓት ነው፤ ከፊቱ ሁልጊዜ ፖስታ ሙሉ ኩፖን የያዘች እናት አትጠፋም። ምላሽ 8 ወንድሜ ብላ ጀምራ፣ ገንዘብ ከተረፈህ አድራሻዬን ልስጥህ ብላ ጨረሰች። ምላሽ 9 ሳቅ ብቻ ነው።

ምላሽ 10 ላይ ነገሩ አቅጣጫ ቀየረ። ጸሐፊው ፋርማሲስት ናቸው። አጻጻፋቸው አንቱ ያሰኛል። ኩፖኑን ወደ ጎን አድርጋ ፓኬቱን ገልብጣ ጀርባውን እንድታይ መከሯት። አሜሪካ ውስጥ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ሁሉ ጀርባው ላይ አንድ ዓይነት ሠንጠረዥ አለው፤ የመጀመሪያው መስመር የሚሠራውን ንጥረ ነገርና መጠኑን ይናገራል። ዚርቴክ ላይ ሴቲሪዚን 10 ሚሊግራም ይላል። ከጎኑ የተደረደረው የሱቁ የራሱ ምርት ላይም ሴቲሪዚን 10 ሚሊግራም ይላል። ኩፖን የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ስም ላለው ምርት ነው፤ ዓይን እንዲስብ። በጅምላ መጋዘን 365 ፍሬ የያዘ ብልቃጥ ከ20 ዶላር በታች እንደሚገኝ ጠቁመው ሂሳቡን ለእሷ ተዉት። እኔ ግን ሠራሁት። አንዷ ክኒን 6 ሳንቲም አትሞላም። እሷ በ16 ዶላር የገዛችው አንዷ 53 ሳንቲም ገደማ ነው። የጋዜጣው ኩፖን ቢያልፍላት እንኳ 11 ዶላር፣ ማለትም ወደ 37 ሳንቲም ይሆን ነበር። ያ ሁሉ ላብ ለዚህ ነው።

ምላሽ 11 የኩፖን ሰው ናት፤ በዚህ አልተሸነፈችም። ፋርማሲስቱ የረሱት ሽልማት አለ አለች። ሲቪኤስ የተባለው የፋርማሲ ሱቅ ኤክስትራባክስ የሚለው፣ ሌላው የፋርማሲ ሱቅ ዋልግሪንስም በአባልነት ካርዱ የሚሰጠው፣ ይህን ግዛና ይህን ያህል ለሚቀጥለው ግዢህ የሚባለው ገንዘብ። በዚያ ሳምንት ዚርቴክ ላይ የ6 ዶላር ሽልማት ካለ 16 ብሎ የከፈለ ሰው የወጣበት 10 ዶላር ነው። እንደ አይቦታ ያለ አፕ ላይ ደረሰኙን ፎቶ ካነሳች ደግሞ ሌላ ይመለሳል፤ ያ ኩፖን ስላልሆነ ከአምራቹ ኩፖን ጋር አይጋጭም።

ምላሽ 12 ግን ሽልማት ገንዘብ አይደለም አለ። የሚሠራው እዚያው ሱቅ ብቻ ነው፤ ቀኑም ያልፋል። 6 ዶላሩን ለመጠቀም ስትመለስ ሻምፑና ቸኮሌት ይዘህ ትወጣለህ። እዚህ ላይ እኔም እጄን ላንሳ። የ10 ዶላር ሽልማት በቦርሳዬ ይዤ ሳምንት ዞርኩ፤ ሱቁ ስደርስ ያለፈው ትናንት እኩለ ሌሊት ነበር። ካሸሩ አዘነልኝ፤ ማሽኑ ግን አላዘነም። ምላሽ 13 ከዚህ የባሰ አለ ብሎ ራይት ኤድ የተባለውን የፋርማሲ ድርጅት አነሳ። እ.ኤ.አ. በ2025 ሱቆቹን በሙሉ ዘግቷል። ነጥብ ባንክ አይደለም፣ አታጠራቅሙ ነው የሚለው።

ከዚህ በኋላ ያሉት ጥቂት ምላሾች ደረቅ ናቸው፤ ግን ኪስ ይነካሉ። ምላሽ 14 ለሕክምና በቅድሚያ ከደሞዝ የሚቆረጠውን ሂሳብ፣ ኤፍኤስኤን አስታወሰ። ከ2020 ጀምሮ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት በዚያ ካርድ ያለ ሐኪም ወረቀት መግዛት ይቻላል፤ ለኮቪድ ወረርሽኝ የወጣው ኬርስ አክት የተባለ ሕግ ያመጣው ለውጥ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከ2011 ጀምሮ፣ ለአስፕሪን እንኳ ማዘዣ ይጠየቅ ነበር። ይህ ጥሩ ነው። ቀጥሎ የጻፈው ግን ጥሩ አይደለም፤ ፓኬቱ 24 ዶላር ስለሆነ 24 ዶላር አስመልሺ ይላል። ምላሽ 15 ወዲያው አረመው። የሚመለሰው ከኪስ የወጣው ብቻ ነው። 16 ከፍለሽ 24 ማለት ማጭበርበር ነው።

ምላሽ 16 ካሊፎርኒያ ነው የሚኖረው። 5 ዶላር ተቀንሶለት ታክሱ ግን በሙሉ ዋጋው ላይ ስለተሰላ ተዘረፍኩ ብሎ መጣ። ምላሽ 17 የምላሽ 4ን ኪስ አውጥቶ አሳየው። የአምራች ኩፖን ሲሆን ሱቁ ገንዘቡን በኋላ ከአምራቹ ስለሚቀበል የሽያጩ ዋጋ አልቀነሰም፤ ታክሱም በሙሉው ላይ ነው። የሱቅ ኩፖን ሲሆን ሱቁ በእውነት ያነሰ ስለተቀበለ ታክሱም ያንሳል። ኒውዮርክ ያለ ሰው ይህ ሁሉ አይመለከተውም፤ እዚያ ያለ ማዘዣ በሚሸጥ መድኃኒት ላይ የሽያጭ ታክስ የለም። ምላሽ 16 አመስግኖ ሄደ። በዚህ ክር ያመሰገነ የመጀመሪያው ሰው መሰለኝ።

ምላሽ 18 እናቷ ሜዲኬር፣ የመንግሥቱ የአረጋውያን የጤና መድን፣ ስላላቸው ኩፖን መጠቀም ወንጀል እንደሆነ ሰምታ ፈርታለች። ፋርማሲስቱ በምላሽ 19 አረጋጓት። የተከለከለው በማዘዣ ለሚገዛ፣ መንግሥት ለሚከፍልለት መድኃኒት የአምራች የቅናሽ ካርድ መጠቀም ነው። እናቷ ለራስ ምታት ከኪሳቸው ከፍለው ለሚገዙት ክኒን ግን ጋዜጣ ቢቆርጡ የሚነካቸው የለም። ብዙ ሰው ሁለቱን እንደሚያምታታ፣ ጥፋቱም የእሷ እንዳልሆነ ጨመሩ።

እስከዚህ በሰላም ተጉዘናል። ምላሽ 20 ፎቶ ለጠፈ። ጠረጴዛ ላይ 12 ፓኬት የጉንፋን መድኃኒት ደርድሯል። ዴይኩዊል አለ፣ ናይኩዊል አለ፣ ባለ 500 ሚሊግራሙ ታይሌኖል አለ። በሁለት ቀን ኩፖን ደርቦ ከግማሽ በታች እንዳገኘው፣ ቤቱ ሰው ባሳለ ቁጥር ከሁሉም እንደሚሰጥ በኩራት ጻፈ።

ፋርማሲስቱ ይህን ሲያዩ አንቱነታቸው ቀረ። ምላሽ 21 ከሁሉም አጭርና ስለታም ነው። ሦስቱም ውስጥ ያለው አንድ መድኃኒት ነው፤ አሜሪካኖች አሴታሚኖፌን የሚሉት፣ እኛ ፓራሲታሞል የምንለው። ቁጥሩን ዘረገፉለት። ዴይኩዊል አንዷ ክኒን 325 ሚሊግራም አላት፤ ሁለት ሁለት እያለ አራት ጊዜ የወሰደ ሰው 2,600 ገባበት። በዚያው ቀን ታይሌኖሉን ፓኬቱ እስከፈቀደለት ስድስት ክኒን ከዋጠ ሌላ 3,000 ነው። በድምሩ 5,600። ለጤነኛ አዋቂ የቀኑ ጣሪያ 4,000 ነው። የሁለቱንም ፓኬት የመጠን ገደብ ለየብቻ አክብሮ ጉበቱን ሊያቃጥል ይችላል ማለት ነው። በአሜሪካ ድንገተኛ የጉበት መክሸፍ ከሚያመጡ ነገሮች ግንባር ቀደሙ ይህ መድኃኒት እንደሆነ ጽፈው፣ ቤቱ ስንት ልጅ እንዳለ ጠየቁት።

ምላሽ 22 ራሱ ባለፎቶው ነው። ተቆጣ። ጥያቄው ስለ ኩፖን እንጂ ስለ ጉበት እንዳልሆነ፣ ሰው ሲቆጥብ የሚቀና እንደማይጠፋ ተናገረ። የልጆቹን ቁጥር ግን አልተናገረም። ምላሽ 23 ነገር አበረደ መስሎት ቤንዚን ጨመረ። ከ12ቱ ውስጥ አፍንጫ ይከፍታል ተብሎ ፌኒሌፍሪን የገባባቸው እንዳሉ አየ። ሴፕቴምበር 2023 ላይ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የሆነው የኤፍዲኤ አማካሪዎች ይህ ነገር በአፍ ሲወሰድ አፍንጫ እንደማይከፍት በአንድ ድምፅ ተስማምተዋል፤ ኖቬምበር 2024 ላይ ደግሞ ኤፍዲኤ ራሱ ከተፈቀዱት ዝርዝር እንዲወጣ ሐሳብ አቅርቧል። አደገኛ ስለሆነ አይደለም፤ ስለማይሠራ ነው። በግማሽ ዋጋ የማይሠራ ነገር ገዛህ ብሎ ቀለደበት። ምላሽ 24 የሚሠራው ሱዶኤፌድሪን እንደሆነ ጨመረ፤ እሱ ግን ከ2006 ወዲህ ከካሸር ጀርባ ተቀምጦ በመታወቂያ ነው የሚሸጠው። በቀን 3.6 ግራም የሚል ገደብም አለው፤ ከዚያ በላይ ኩፖን ቢከመርም አይገኝም።

ባለፎቶው ከዚህ በኋላ ድምፁ ጠፋ።

ምላሽ 25 ነጻ ፓኬት የሚያስገኝ ኩፖን በስልክ እልካለሁ፣ በውስጥ አናግሩኝ አለ። ምላሽ 26 በአንድ መስመር ዘጋበት፤ ቨርጂኒያ ቢች ላይ ሐሰተኛ ኩፖን ስታትም የነበረች ሴት በ2021 የ12 ዓመት እስር ተፈርዶባታል፣ ጉዳቱም ከ31 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገምቷል። ምላሽ 25 ስመለስ ተሰርዞ አገኘሁት።

ከዚያ ወሬው ወደ ሻንጣ ሄደ፤ እንዴት አይሄድ። ምላሽ 27 የምትደርበው ለራሷ አይደለም። በየዓመቱ አዲስ አበባ ስትገባ ከሁለቱ 23 ኪሎዎች ግማሹ መድኃኒት ነው። የእናቷ ጉልበት የሚሻለው በቮልታረን ቅባት ነው፤ እሱ ደግሞ አሜሪካ ያለ ማዘዣ መሸጥ የጀመረው በ2020 ነው፣ ኩፖንም ይወጣለታል። ዓመቱን ሙሉ አንድ አንድ እየገዛች መታጠቢያ ቤት ካለው ቁምሳጥን ታጠራቅማለች። ምላሽ 28 እህቴ፣ ከዚያ አውጪው አላት። የሻወር እንፋሎትና ሙቀት መድኃኒት ይገድላል። እሱ አንድ ቀን የአስፕሪን ብልቃጥ ሲከፍት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ሸተተው፤ እርጥበት የገባው አስፕሪን ሲፈርስ የሚሸተው እንዲያ ነው። ለአባቱ ልኮት ቢሆን ኖሮ ብሎ አሁንም ይጨነቃል።

ምላሽ 29 ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ግን ወደድኩት። ኮካ ኮላን በ1886 የቀመመው የአትላንታ ፋርማሲስት ነበር፤ መጀመሪያ የተሸጠውም ፋርማሲ ውስጥ፣ ብርጭቆው በ5 ሳንቲም ነው። ጥቂት ቆይቶ ሰው እንዲቀምሰው አንድ ብርጭቆ በነጻ የሚያስጠጣ ወረቀት ታደለ። ከመጀመሪያዎቹ ኩፖኖች አንዱ ነው ይባላል። ኩፖንና ፋርማሲ የቆየ ትውውቅ አላቸው።

ምላሽ 30 ጠያቂዋ ናት፤ ከአራት ቀን በኋላ ተመለሰች። ያንን ብልቃጥ ገዝታለች። ባሏ መጀመሪያ ሣጥኑ ስላልተመሳሰለለት አልውጥም ብሎ ነበር፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ገልብጣ ካሳየችው በኋላ ዋጠ። ካሸሯንም አግኝታ ሰላም ብላታለች፤ ስለ ወረቀቱ ግን አላነሳችም። የጋዜጣው 5 ዶላር ቀኑ ሊያልፍ ሦስት ቀን ቀርቶት ስለነበር ዚርቴኩ የተደረደረበት መደርደሪያ ላይ፣ ከዋጋው ወረቀት ሥር ሸጉጣው ወጣች። ኩፖን ቆራጮች የማይፈልጉትን እንዲህ ትተው ይሄዳሉ።

ምላሽ 31 የገባው ከደቂቃ በኋላ ነው። የትኛው ቅርንጫፍ እንደሆነ ይጠይቃል።